እጁ መወርወሪያ የያዘ አባት

ዛሬ ላርም ክፍል ገብቼ ታርሜ ወጣሁ።

ሲቀላ ሰፈር ባለ ትምህርት ቤት የማስተምራቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆች ወላጅና ልጅ ተቃቅፈው እንዲስሉ፣ ሰሌዳው ላይ ምሳሌ ሳልኩላቸው። (ሁለት ድንች ነው የሚመስለው፤ እኔ የተመረቅኩት በሒሳብ ነው።)

አንዷ ልጅ አባቷ ሸማኔ ነው። እሱን ሽመናው ላይ አስቀምጣ፣ ራሷን ከጀርባው አንገቱ ላይ እንደተጠመጠመች አድርጋ ሳለች።

"አባትሽ እኮ አላቀፈሽም፤ እጆቹን አስተካክያቸው" አልኳት።

"ቲቸር፣ እጁ መወርወሪያ ይዟል" አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ። "ሲሸምን እኔ ነኝ የማቅፈው።"

ድንቾቼን አጥፍቼ የሷን ስዕል ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ።

እናንተስ፣ እጁ ከሥራ የማያርፍ ወላጅ ያሳደጋችሁ፣ እንዴት አድርጋችሁ ነበር የምታቅፉት?