ያላጠበቅኋት ብሎን

ይህን ነገር ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለጓደኞቼም አልነገርኩም። ሱጁድ ላይ ግንባሬን ደፍቼ እንኳ ዙሪያውን ዞርኩት እንጂ ስሙን አልጠራሁትም። አሁን እጠራዋለሁ። የአባቴን መኪና ፍሬን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ይማም አይደለም። እኔ ነኝ።

በመጀመሪያ ስለ እጄ ልንገራችሁ፤ ጉራ ነው ካላችሁም ጉራ ነው። ከሐይቅ ከተማ ውጫሌ ከሚመላለሱት ሚኒባሶች ስንቱ በዚህ እጅ አልፏል! "ሴት ልጅ መኪና ሥር ተጋድማ!" እያሉ ይስቁ የነበሩ ሾፌሮች ዛሬ ቁልፋቸውን ወርውረውልኝ ሻይ ሊጠጡ ይሄዳሉ። እኮራለሁ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ኩራት ከምን እንደተነሳ ማወቄ ነው።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ ቤት የተቀመጥኩ ጊዜ ነው። መቀመጥ ደግሞ አልችልም፤ እግሬን ያሳክከኛል። አባባ በዕድሜ የምትበልጠኝ ፒካፕ ነበረችው፤ ሽንኩርት እየጫነ ውጫሌ ገበያ ይወርድባታል። ቴፕ አልነበራትም። ከቆመ ሚኒባስ ላይ የተፈታ አሮጌ ቴፕ ለምኜ አመጣሁና "እኔ እገጥምልሃለሁ" አልኩት።

"አንቺ ልጅ፣ መኪናዬን እንዳታቃጥያት!"

"ብትቃጠልም በዘፈን ነው።"

ዳሽቦርዱ ሥር ገብቼ፣ ቁልፍ ሲዞር ነፍስ የምትዘራ ሽቦ ፈለግኩ። አንዲት አገኘሁ። የፍሬን ዘይት ሲጎድል የምትበራው የቀይዋ መብራት ሽቦ ነበረች። ምን እንደሆነች አውቄአለሁ፤ አላወቅኩም ብል ውሸት ነው። "ከመብራት ዘፈን ይሻላል" ብዬ ቆረጥኳት፣ ለቴፑ ሰጠኋት፣ በናስትሮ ጠቀለልኳት። በዚያች እርጅና በተጫናት መኪና ውስጥ አምባሰል ሲንቆረቆር፣ አባባ መሪውን እንደያዘ ትከሻውን ነቀነቀ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

በዚያው ሰሞን ፍሬኗ ላላ። የፍሬን ሸራዋን ጋሽ ይማም ከቀየረላት ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ጋሽ ይማም ማለት ሐይቅ ላይ ፍሬን ሲነሳ ስሙ አብሮ የሚነሳ መካኒክ ነው፤ ጋራዡ በር ላይ ቆሜ ሥራውን ሳይ አንድ ቀን "ሂጂ" ብሎኝ አያውቅም። አባባ "ነገ መልሼ እወስድለታለሁ" አለ። እኔ ግን ስልኬ ላይ ቪዲዮ አይቼ ነበር። መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል፤ አየሩን ማስወጣት ነው፤ አለቀ! አባባ ለቅሶ ሲሄድ ብቻዬን ጀመርኩት። ፔዳሉን እረግጣለሁ፣ ወደ ጎማው ሮጬ አያለሁ፣ ተመልሼ እረግጣለሁ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። አየሩ የሚወጣባትን የመጨረሻዋን ብሎን በጣቴ አዙሬ፣ በመፍቻ ላጠብቃት ስል፣ ሲዘፍን የነበረው ቴፕ አንዱ እስፒከር ጠፋ። ሮጥኩ። ሽቦውን አስተካከልኩ። ወደ ብሎኗ አልተመለስኩም።

አባባ መጥቶ ፔዳሉን ቢረግጠው፣ "ዐጂብ! የይማም ሥራ እያደር ነው የሚጠነክረው፤ እጁ ይባረክ!" አለ። ምስጋናዬ ለሌላ ሰው ሲሄድ ሆዴ ተቃጠለ። ከገበያ ሲመለስ እነግረዋለሁ፣ ያኔ ጉድ ይላል፣ ብዬ ያዝኩት።

በማግስቱ የውጫሌ ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ወለል ድረስ ገባለት። አባባ ገደሉን ሸሽቶ መኪናዋን ከተራራው ጋር አላተማት። ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞላው፤ የአባባ ጉልበት ተሰበረ፤ ዛሬም ያነክሳል። ሆስፒታል ተኝቶ፣ "ቀይዋ መብራት እኮ አልበራችም" አለኝ። ከዚያ ሳቀ። "ቴፕሽ ግን ጀግና ነው! እኔ በመስኮት ስወጣ እሱ ይዘፍናል።" ልደብቃችሁ? ኮራሁ። አባቴ እግሩ ታስሮ እፊቴ ተኝቶ፣ እኔ ሽቦዬ ስላልተቋረጠ ኮራሁ።

መኪናዋ ተጎትታ ጋሽ ይማም ደጅ ደረሰች። ሾፌሮች ከበቡ፤ እኔም ቆሜአለሁ። ከሥሯ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ብሎኗ አልጠበቀችም፤ የፍሬን ዘይቱ በእሷ ፈሶ አልቋል። እኔ ነኝ፤ ዓይኔ ደክሟል" አለ። ሌላ እጅ ነክቷት ይሆናል ብሎ እንኳ አልጠረጠረም። ወደ እኔ ዞሮም፣ "አብሽሪ ልጄ፣ አባትሽ ይድናል" አለኝ።

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ምስጋናው ወደ እሱ ሲሄድ የነደደው ሆዴ፣ ጥፋቱ ወደ እሱ ሲሄድ ለምን በረደ? ፈርቼ ነው? አይደለም። "ሴት ልጅ ምን ታውቃለች" እንዳይሉኝ ነው። ለዚህች ስል የሰው ስም ሸጥኩ።

"ይማም ጋ ፍሬን ስታሠራ ከፈንህንም አብረህ ግዛ!" የምትል ቀልድ መናኸሪያውን ዞረች። እኔም ሰምቼ ፈገግ ብያለሁ፤ ይህንንም ያዙብኝ። ደንበኛው አንድ በአንድ ሸሸ። እሱም "ከእንግዲህ በዚህ እጄ የሰው ነፍስ አልይዝም" ብሎ ጋራዡን ዘጋ፤ አሁን መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፋል። ደንበኞቹስ የት ሄዱ? በኋላ መፍቻ ወዳነሳሁት ወደ እኔ ነዋ!

የባሰ አለ። እኛ ዘንድ ረመዳን ሊገባ ሲል ሰው ቤት ለቤት እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ በድዬ ከሆነ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። ዘንድሮ ጋሽ ይማም ቤታችን መጣ። አባባን ጨርሶ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺም አፉ በይኝ። አባትሽን አካሉን አጎደልኩብሽ።" እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። ያልኩት ግን "አፉ ብያለሁ፣ ጋሽ ይማም" ነው። እኔ! እኔ ይቅር አልኩት! እሱም "አላህ ይስጥሽ" ብሎ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀሎት ወጣ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ሽቦዋን ስቆርጥ አውቅ ነበር፤ ዝም ስልም አውቅ ነበር፤ ይቅር ስለውማ ከሁሉም ይበልጥ አውቅ ነበር። ይህን የጻፍኩትን ወረቀት ለአባባና ለጋሽ ይማም አነብላቸዋለሁ፤ ጁምዓ ሾፌሮቹ መናኸሪያ ሲሰበሰቡ ደግሞ ጮክ ብዬ። ጋሽ ይማም አፉ ካለኝ አላህ ይስጠው፤ ካላለኝም ሐቁ ነው። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ፍሬን የላላበት ሰው ግን ወደ እኔ አይምጣ። ጋሽ ይማምን ከጎማው ሥር ያስነሳው፣ መፍቻውን እጁ ላይ ያኑርለትና "እስቲ ይችን እይልኝ" ይበለው። "የይማም እጅ ስቷል" የሚል ከመጣም፣ የሳተችው ዘሀራ ናት በሉት። የባለ ፒካፑ ልጅ።