የድሬሰር ንዋይ ጆሮ

መቂ ላይ ድሬሰር ንዋይ ደረት አዳምጦ «ንጹሕ ነው» ካለ፣ አለቀ። ናዝሬት ድረስ ሄጄ ራጅ ልነሳ የሚል ሰው አልነበረም። «የንዋይ ጆሮ እያለ ራጅ ምን ያደርግልናል!» ይባል ነበር፤ እኛም እንል ነበር።

እውነትም ጆሮ ነበረው። ድሮ ሲሠለጥን መምህሩ ከቄራ የበግ ሳንባ አስመጥተው፣ ከነቧንቧው ጠረጴዛ ላይ አጋድመው፣ በቀጭን ጎማ አየር ነፉበት። ያ ለውሻ የሚጣል ነገር ቀስ እያለ ተነፋ፣ ቀላ፣ ጠረጴዛውን ሞላው። ንዋይ ከዚያ ቀን ወዲህ ልቡ ሳንባ ላይ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደረት ሲያዳምጥ ቢውል አይሰለቸውም ነበር።

ለሽንኩርት ገበሬ እንኳ ሳይቀር ያስረዳል። «በፓምፕ የሳባችሁት ውሃ ዋናው ቦይ ላይ ደርሶ ለሁለት ይከፈል የለም? የአየር ቧንቧም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ወደ ቀኝ ሳንባ፣ አንዱ ወደ ግራ። ከዚያ እየተከፋፈለ እየቀጠነ ይሄድና፣ መጨረሻው ላይ ከጤፍ ፍሬ የሚያንሱ ከረጢቶች አሉ። ደም ንጹሑን አየር የሚቀበለው፣ የተቃጠለውን የሚመልሰው እዚያ ነው። ከሳንባ ሥር ያለው ጡንቻ ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ይሠራል፤ ወደ ታች ሲሳብ አየር ይገባል፣ ሲመለስ ይወጣል። አስም ማለት ቦዩ ሲጠብ ነው። መግባቱንስ ይገባል፤ ጭንቁ መውጣቱ ላይ ነው። የሚያፏጨውም ያኔ ነው።»

ይህን ትምህርት ከማንም በላይ የሚያውቀው የዙህራ ልጅ አብዱናሲር ነበር። ዙህራ ባሏ ሞቶባት አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ናት፤ ያላትም እሱ ብቻ ነው። ልጁን ከአራት ዓመቱ ጀምሮ አስም ይይዘዋል። ሽንኩርት ተነቅሎ አቧራው ሲነሣ፣ ትራስ አቅፎ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ያድራል። ንዋይ ነው መርፌ የወጋው፣ ንዋይ ነው ክኒን የሰጠው። ያን ደረት ከራሱ ልጆች ደረት ይልቅ ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። በሰባ ዘጠኝ ደግሞ ባሰ፤ ቀበሌው ይህን ያህል ልጅ አምጣ ተባለ። ጤና መርማሪው ንዋይ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን የጎረቤቱ ልጅ ሁንዴ ተመረጠ፤ እናቱም መጥታ ንዋይ እግር ላይ ወደቀች። አንጀቱ አልቻለም። ሁንዴን ጓሮ ወስዶ፣ ጉሮሮን ጠበብ አድርጎ እስከ መጨረሻው መተንፈስን አስተማረው። ልጁ ሲር ሲር አለ፤ ንዋይም «አስም» ብሎ ጻፈ። አንዲት ራስ ሽንኩርት እንኳ አልተቀበለም፤ ይህን ልመስክርለት። ግን ወሬ ይደበቃል? በሳምንቱ ሰባት ልጆች ሲር ሲር አሉ።

የምልመላው ሊቀ መንበር ጓድ ኃይለየሱስ ይባላል። እግዚአብሔር የለም ሲል ይውላል እንጂ ስሙን አልለወጠም። ሰባተኛው ልጅ ከወጣ በኋላ በሩን ዘጋ።

«ድሬሰር፣ አስም በሰፈር ነው እንዴ የሚታደለው? ሰባቱም ያንተ ሰፈር ልጆች ናቸው።»

«አቧራው ነው፣ ጓድ።»

«እሺ፣ አቧራው ነው። ስምንተኛ ከሰማሁ ግን ሰባቱንም ካሉበት ለቅሜ፣ አንተን ፊት ፊታቸው አሰልፌ ነው የምሸኛችሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፤ በማግስቱ ጠዋት ተራው የአብዱናሲር ሆነ። ዙህራ ውጭ ከሌሎቹ እናቶች ጋር ተቀምጣለች። እነሱ ያለቅሳሉ፣ እሷ ታጽናናለች። «የኔውን ጋሽ ንዋይ ያውቁታል» ትላለች። ንዋይ ማዳመጫውን ልጁ ጀርባ ላይ አደረገ። ልጁ ያን ቀን ደህና ነበር፤ ለዓይን ምንም አያስታውቅም። ለዚያ ጆሮ ግን ከታች፣ በሁለቱም ጎን፣ ያ የሚያውቀው ፉጨት ቀጥኖ አለ። ጓድ ኃይለየሱስ ከንዋይ ኋላ ቆሟል።

«እህሳ?» አለ።

የንዋይ ሐሞት ፈሰሰ። በኋላ «ሰባቱን ላድን ብዬ ነው» እያለ ራሱን ያታልል ነበር። ውሸቱን ነው! ያቺን ሰዓት ያሰበው ስለ ራሱ ብቻ ነው።

«ንጹሕ ነው» አለ።

ልጁ ዞር ብሎ አየው። «እውነትዎን ነው፣ ጋሽ ንዋይ?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «አስሙ ለቀቀህ» አለው።

ልጁ ሳቀ! እኩዮቹ ኳስ ሲጫወቱ ልብስ ጠባቂ ሆኖ ያደገ ልጅ፣ ወታደር ሊሆን እየተጻፈ ሳቀ። ዙህራ ይህን ስትሰማ እልል አለች። ልጇ ለጦር ተመርጦ እልል ያለች እናት መቂ ያን ቀን አየች። «መሄዱንስ የሁሉም ልጅ ይሄዳል፤ የኔው ግን ድኖ ነው የሚሄደው! ጋሽ ንዋይ በጆሯቸው ሰሙት፣ አልሐምዱሊላህ!»

መኪናው የሚነሣው በሦስተኛው ቀን ነበር። ንዋይ በዋዜማው ሊሰናበት ብሎ ቤታቸው ሄደ። ቤቱ በሰው ተሞልቷል፤ ከቀበሌም ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። ልብሱ ታጥፎ ሻንጣ ገብቷል፤ የክኒኑ ጠርሙስ ግን መደርደሪያው ላይ ቀርቷል። ንዋይ አየው።

«ክኒኑን ይያዘው እንጂ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ምን ሊያደርግለት?» አለች ዙህራ።

«መቼም... ለክፉ ቀን።»

«ኧረ በአላህ አያሟርቱብኝ! የራስዎን ጆሮ ይጠራጠራሉ እንዴ?» ብላ ሳቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የቀበሌዎቹም ሳቁ። ንዋይም አብሮ ሳቀ። ያን ሳቅ እስኪሞት ሲረግመው ኖረ።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ጎሕ ሲቀድ ከክሊኒኩ ክኒን ይዞ ወደ መኪናው ሮጠ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መኪናው ዓለም ጤናን አልፏል አሉት።

አብዱናሲር ከሄደ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። «በሕመም ሞተ» የሚል ወረቀት መጣ። በኋላ አብሮት የሠለጠነ ልጅ እግሩን ቆስሎ ተመልሶ ሲያወራ ሰማን። አቧራ ላይ ሲሮጡ ወደቀ፤ ተነሥ አሉት፣ «ትንፋሼ» አለ። አሠልጣኙ የምርመራ ወረቀቱን አስመጥቶ ቢያይ «ንጹሕ» ይላል። አስመሳይ ብለው ፀሐይ ላይ ተዉት።

ከአርባው በኋላ ዙህራ ክሊኒክ መጣች፤ ጠርሙሱን ይዛለች።

«አልተነካም። ለሌላ ልጅ ይስጡልኝ» አለች። ንዋይ መቀበሉን ተቀበለ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልቻለም። «እርስዎማ አድነውልኝ ነበር፣ አላህ ይስጥልኝ። የዚያ አገር አቧራ ነው መልሶ የያዘብኝ።»

ብትረግመው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ገለጥ አደረገች።

«ከዚያ ወዲህ እዚህ ጋ የተቀመጠ ነገር አለ፤ አላስተነፍስ አለኝ። እስቲ ያዳምጡኝ።»

አዳመጣት። በቀኝም በግራም፣ ከላይም ከታችም። አየሩ እስከ ሥሩ ይገባል፣ ሳይታገል ይወጣል። ፉጨት የለም፣ ምንም የለም።

«እህሳ?» አለችው።

ቃሉን ያውቀዋል። እንዲህ እውነት ሆኖለት አያውቅም፤ ግን ከአፉ አልወጣ አለ። ማዳመጫውን ከጆሮው ሳያወርድ፣ «እንደገና ተንፍሺ» አላት። ዙህራም አምናው እንደገና ተነፈሰች።