ሰባት ጊዜ የተመላለሰችው ሴት

ባለፈው ሳምንት በከተማችን ላይኛው ክፍል፣ ሴቻ ላይ የባልደረባዬ ልጅ ሲዳር አጠገቤ የተቀመጠ አንድ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ያኔ ከተማውን ያመሰውን ወረቀት የጻፈው እሱ እንደሆነ ለጎረቤቱ ሲያወራ ሰማሁ። እኔ ሥጋውን ከአሳው እሾህ መለየቴን ቀጠልኩ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለሃያ ዓመት ያህል ለማንም ሳልናገር የኖርኩትን ነገር ሰውዬው በለስላሳ ብርጭቆ ላይ ሲያወራርደው መናደዴን አልደብቅም።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ በታችኛው የከተማው ክፍል፣ ሲቀላ ውስጥ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ደሜ በትንሹም በትልቁም ይፈላ ነበር። ገበሬው የመሬቱን ደብተር በእጁ እስኪያስገባ ድረስ ግብር እንዳይከፍል፣ ሹማምንቱም ከወንበራቸው እንዲነሱ የምትቀሰቅስ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ስሜን አላሰፈርኩም። የእጅ ጽሑፌን እንዳይለዩት ሶዶ ድረስ ሄጄ በታይፕ አስመታኋትና አባዛኋት። ስመለስ ምዕራብ ዓባያ ላይ ዘንቢል ሙሉ ማንጎ ገዝቼ ወረቀቱን ከሥሩ ቀበርኩት። ኬላው ላይ ፈታሹ አንድ ማንጎ አንስቶ አሸተተና መልሶ አስቀመጠው። እስከ ዛሬ ማንጎ ሲሸተኝ ያ ፈታሽ ይታየኛል።

ከዚያ በኋላ በጠራራ ፀሐይ ከሲቀላ ሴቻ በሚወጡት ሚኒባሶች ወንበር ላይ እየጣልኩ እወርድ ነበር። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው ሲያነቡት ስሰማ ደረቴ ይነፋል።

ግን አንድ ትልቅ ጅልነት ሠርቼ ነበር። ስሜን ደብቄ እናቴን ጻፍኳት። ላንቴ መንደር ያለው የሙዝ ማሳችን አባቴ ከሞተ በኋላ በስሟ እንዲዞርላት ሰባት ጊዜ መሬት ቢሮ ተመላልሳለች። በሰባተኛው ጊዜ አንድ ዘለላ ሙዝ ተሸክማ በእግሯ ዳገቱን ወጣች፤ ጸሐፊው ሙዙን ተቀብሎ "ነገ ነይ" አላት። ይህን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ጻፍኩት። ሴትዮዋ ከታወቀች ልጇ አስተማሪ መሆኑን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል። እኔ እታሰራለሁ፣ እሷ ደግሞ መሬቷን ታጣለች።

አንድ ቅዳሜ ላንቴ ነበርኩ። እናቴ የተቀቀለ ድንች ከሚያቃጥለው የቃሪያ ዳጣ ጋር አቅርባልኝ ገና ሁለት ሳልጎርስ ከቢሮ ሦስት ሰዎች መጡና የሰፈሩን ሴቶች ማንጎው ዛፍ ሥር ሰበሰቡ። ከሦስቱ አንዱ ያው ሙዝ ተቀባዩ ጸሐፊ ነው። አለቃቸው ወረቀቱን አንብቦ ሰባት ጊዜ የተመላለሰችው ሴት ማን እንደሆነች ጠየቀ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ልትነሳ ስትል አየሁ። መዋሸት አታውቅም።

ከእሷ በፊት ጎረቤታችን ባልጊቴ ተነሳች።

"ሰባት ብቻ? እኔ ዘጠኝ ጊዜ ሄጃለሁ" አለች። "ሙዙም ሁለት ዘለላ ነው። ወረቀቱ አሳንሶ ጽፏል።"

ሌላዋ እሷ የወሰደችው አቮካዶ መሆኑን ተናገረች። ሌላዋ ዶሮ ነው አለች። ማንም ማንንም ሊያድን ብሎ አልነበረም፤ እያንዳንዷ የገዛ ራሷን ነው የተናገረችው። እናቴ ተራዋ ሲደርስ የእሷ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ሳያሳፍራት አልቀረም። ጸሐፊው መሬት መሬቱን ያያል። አለቃው ወረቀቱን አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ፣ ሁሉም ሰኞ ቢሮ እንዲመጡ ነግሮ ሄደ። ሽንት ቤት ጀርባ ሄጄ ብቻዬን እስኪበቃኝ ሳቅሁ።

ማታ እራት ላይ እናቴ ስትጸልይ "ያንን ወረቀት የጻፈውን ልጅ ጌታ ይጠብቀው" አለች። ቀጥላም "እናቱ ግን እንዴት ትጨነቅ ይሆን" አለች። አሜን አልኩ። ደብተሯን በሦስተኛው ወር አገኘች፤ እስክታርፍ ድረስም ለዚያ ልጅ መጸለይ አልተወችም።

ሠርጉ ላይ ወደ ሰውዬው ዞርኩ። ላፋጥጠው ነበር።

"ሴትዮዋ ማን ነበረች?" አልኩት።

ብርጭቆውን አስቀመጠ። "እናቴ ናት" አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። "ከምዕራብ ዓባያ ነን። የቢሮው መንገድ ነው የጨረሳት።"

ይህን ሲለኝ እየዋሸ አልነበረም፤ እንደ ላንቴ ሴቶች እሱም የራሱን ነው የተናገረው። ለሃያ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ቀለል ሲለኝ ተሰማኝ።

"ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍካት" አልኩትና አሳ ጨመርኩለት።