ናፍጣዋን ካስረከብን በኋላ

እኔና ባለቤቴ በቁርባን ተጋብተን ስንኖር ቤታችን መኪና ነበረች። እንዲህ ስል ሰው ያጋነንኩ ይመስለዋል። እኔ ሮም ውስጥ ፊሳ ነበርኩ፤ እዚህ አገር ከአሠሪዋ ቤት የምታድር ሠራተኛ እንዲያ ነው የምትባለው። ሲኞራዬ፣ አሠሪዬ ማለት ነው፣ ወደ ዘጠና የሚጠጉ አሮጊት ናቸው። ከአልጋ የማነሣቸውም የማስተኛቸውም እኔ ነኝ፤ ቤታቸው እንግዳ ማስገባት ግን ክልክል ነው። ባለቤቴ ደግሞ ፖንቴ ማሞሎ አካባቢ ከሌሎች ወንዶች ጋር በአንድ ክፍል ነበር የሚያድረው። እኔ ብቅ ስል ሰዎቹ ከጨዋነታቸው የተነሣ ጃኬታቸውን እየደረቡ ይወጡልናል። ሰው ደጅ ብርድ ላይ አቁሞ ከባል ጋር ምን ጨዋታ አለ?

ስለዚህ እረፍቴ ሲደርስ፣ ማለትም ሐሙስ ከሰዓት በኋላና እሑድ፣ በአሮጌዋ ናፍጣ መኪናው መጥቶ ይወስደኛል። ከሜትሮ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ዛፍ የበዛበት ቦታ አለ፤ እዚያ እናቆማለን። ከወንበሩ ሥር ነጠላ ጫማዬ ይቀመጣል። ከኋላ ብርድ ልብስና የምግብ ዕቃ አለ። በሩን ከፍቼ ስገባ «ጫማሽን አውልቂ እንጂ፣ ቤት እኮ ነው» ይለኛል። በዚያች መኪና ውስጥ በልተናል፣ ተኮራርፈናል፣ ታርቀናል። መስኮቱ በትንፋሻችን ሲደበዝዝ መጋረጃ ወረደልን ብለን እንስቅ ነበር። ልጅ የሚባለውን ነገር ግን መኪና ውስጥ አይሆንም እያልን እናሳድረው ነበር።

ከዚያ ከተማው አሮጌ ናፍጣ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከለከለ። የሲኞራዬ ቤት ክልከላው ውስጥ ነው። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ተይዞ ተቀጣ። ሦስተኛው ይቅርብን፣ በአውቶቡስ እንገናኝ አልን፤ ግን አውቶቡሱ የእረፍቴን ግማሽ ይበላዋል።

መድኃኒቱን የሰማነው ከቅዳሴ በኋላ ነው። አሮጌ መኪናውን ለማስፈረስ ሰጥቶ በጋዝ የሚሄድ አዲስ ለሚገዛ፣ መንግሥት ለሻጩ ከግብሩ ላይ ይተውለታል፤ ሻጩም ያንኑ ከዋጋው ያነሣል አሉን። ያለዚያ ቅናሽ አዲስ መኪና ለእኛ የማይታሰብ ነበር። ባለቤቴ የሚሠራው ኔሮ ነው፣ ማለትም ያለ ውል፤ ስለዚህ ብድሩ በእኔ ስም፣ መኪናዋም በእኔ ስም እንድትሆን ተስማማን።

መሸጫው ዘንድ ያደረግነውን ሳስበው ዛሬም ፈገግ እላለሁ፤ ፈገግታው ግን አይቆይም። ሻጩ ሞተሩን ከፍቶ ስለ ጋዙ በርሜል ሊያስረዳን ሲሞክር ባለቤቴ ኋላ ገብቶ ተንጋሎ ነበር፤ እግሩ ይዘረጋ እንደሆነ ሊያይ። እኔ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጌ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሻጩ «ሲኞራ፣ መንዳት አይፈልጉም?» አለኝ።

«ትሄዳለች ወይ?» አልኩት።

«በሚገባ!»

«ቫ ቤኔ፣ ደህና፤ እሱ ካለ ይበቃል።»

ባለቤቴ ከኋላ ሆኖ «ሰፊ ናት፤ ሳሎኗን አይተሻል?» አለኝ በአማርኛ። ደስ ብሎን ነበር። ተስፋ የሚባለው ነገር እንዲህ ካልጋ ላይ አውርዶ ሊፈጠፍጠን መሆኑን ማን አወቀ።

ናፍጣዋን በዚያው ሳምንት አስረከብን። ነጠላ ጫማዬንና ብርድ ልብሱን በፌስታል ይዘን ወረድን። አንድ ሠራተኛ ታርጋዋን ፈትቶ ወሰደ። ባለቤቴ መሪዋን በእጁ መታ መታ አደረገና «በይ፣ አመሰግናለሁ» አላት፤ እኔም ሳቅሁበት።

አዲሷ ሳትመጣ ስልክ ተደወለ። ቅናሹ አልጸደቀም፤ ወረቀታችሁ አይገጥምም አሉን። እኔ ጣልያኖቹ አንድ ነገር ተሳስተዋል ብዬ ባለቤቴን አስከትዬ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ወዳለ የውጭ ሰዎች ጉዳይ ወደሚታይበት ቢሮ ሄድኩ። እዚያ የሚያስተረጉሙት አንዲት ኤርትራዊት እናት ነበሩ፤ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማሩ፣ የሁላችንንም ጉድ የሚያውቁ። እትዬ ነበር የምንላቸው። ወረቀቱን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«አሎራ፣ ልጄ፣ አዲሷ በማን ስም ናት?»

«በእኔ ናት፣ እትዬ። ኮንትራቶ ያለኝ እኔ ነኝ።»

«ለማስፈረስ የሰጣችኋትስ?»

«በባለቤቴ።»

«ሕጉ አሮጌዋ ወይ የራስሽ፣ ወይ አብሮሽ የሚኖር የቤተሰብሽ ሰው ትሁን ይላል።»

«እና ባሌ ቤተሰቤ አይደለም?»

እትዬ ወደ ባለቤቴ ዞር ብለው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ፣ ኮሙኔው ዘንድ፣ አንቺ ኑቢሌ ነሽ። ያላገባሽ።»

ደሜ ፈላ። «እንዴት ያላገባሁ? ቆርቤ ያገባሁ ሴት! አክሊል ደፍቼ፣ ካባ ለብሼ፣ እርስዎም እኮ ነበሩ እትዬ፤ እልል ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ነበርኩ፣ ልጄ።»

«የሲኞራዬ የልጅ ልጅ ቄሳቸው ዘንድ አገባች። ለብቻዋ ኮሙኔ ሄዳ ስትሰለፍ አላየሁም። እኛም ቤተ ክርስቲያን ካገባን አለቀ ብለን ነው እንጂ!»

«የእነሱ ቄስ ሲያጋቡ ወደ ኮሙኔው ይተላለፋል። የእኛ ቄስ ግን ለእግዚአብሔር ነው ያጋቡት። ኮሙኔ እናንተው መሄድ ነበረባችሁ። ስንቱ ነው መሰለሽ እንደናንተ የቀረ።»

ለእግዚአብሔር መጋባታችን እንደ ጉድለት ሲቆጠር ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። እንደዚያ ሆኖ እንኳ አልተሸነፍኩም። «ቫ ቤኔ፤ ዛሬውኑ እንመዘገባለን» አልኩ።

እትዬ እጄን ያዙ። እጃቸው ሲይዘኝ ነው የፈራሁት። «ብትመዘገቡም ይኸኛው ቅናሽ አይመለስም። ደግሞ ጋብቻው ብቻ አይደለም፤ አብሮ መኖር ይላል። ያንቺ ሬዚደንሳ፣ የተመዘገብሽበት አድራሻ፣ ሲኞራሽ ቤት ነው፣ የእሱ ሌላ። እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ የት ነው አብራችሁ የምትኖሩት?»

መኪናዋ ውስጥ ልል ነበር። መኪናዋን ግን ሰጥተናታል። ባለቤቴን አየሁት። እሱ ጥያቄው ለእሱ ብቻ እንደቀረበ ሁሉ ቀና ብሎ፣ በአክብሮት መለሰ።

«የትም፣ እትዬ።»

ደጅ ስንወጣ ጮህኩበት። ምናለ ዝም ብትል፣ ሰው ፊት እንዲህ ታዋርደኛለህ አልኩት። ሁልጊዜ ቀልድ የማያጣው ሰው «ዋሸሁ?» ብቻ አለ። አልዋሸም። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ ችግረኛ እንጂ ቤት የሌላት ሚስት ነኝ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የጣልያን ሕግ ዓይናችንን ገልጦ ያሳየን ያንን ነው፤ በጭካኔ አይደለም፣ የጠየቀው ማንኛውም ሰው የሚጠይቀውን ነበር።

ሻጮቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የከፈልነውን ቀብድ መለሱልን። ናፍጣዋን መልሱልን ስንል ግን ሰውዬው ሁለት እጁን ገጥሞ ጨፈለቀና አሳየን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ በእረፍቴ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ ባለ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት መገናኘት ጀመርን። ፊት ለፊት እንቀመጣለን። ገና አንድ ቃል ሳንነጋገር የሚያውቀን ሰው ወንበር ስቦ ይቀላቀላል። ባለቤቴን ሥራ እንዴት ነው እለዋለሁ፤ ደህና ነው ይለኛል፤ ሲኞራ እንዴት ናቸው ይለኛል፤ ደህና ናቸው እለዋለሁ። እጁን መያዝ እፈልጋለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል አፍራለሁ። አንድ ቀን ማልቀስ አማረኝና የማለቅስበት ቦታ አጥቼ መጸዳጃ ቤት ገባሁ። ውጭ የሚጠብቅ ሰው በሩን አንኳኳብኝ።

ክረምቱ ሲገባ ባለቤቴ ደወለ። «ዝናብ ነው» አለ። «ለሁለት ሰዓት ብለሽ ለምን ትደክሚያለሽ? እረፊ።»

«አንተስ?»

«እኔም ልተኛበት።»

እሺ አልኩት። እምቢ እንድለው ይፈልግ እንደነበር አውቃለሁ። እኔም እንዲለምነኝ ፈልጌ ነበር። ግን እምቢ ብዬ የት እንሂድ ልለው ነው?

ሲኞራዬ ካፖርቴን ሳልለብስ ሲያዩኝ ገረማቸው። «ዛሬ ሐሙስ አይደለም? አትወጪም?»

«አልወጣም፣ ሲኞራ።»

ደስ አላቸው፤ እንደ ልጅ ነው ፊታቸው የበራው። «ብራቫ! አብረን እንበላለን» አሉና ለእኔም ሳህን እንዳወጣ አዘዙኝ። አወጣሁ። በሚቀጥለው ሐሙስ ባለቤቴ አልደወለም፤ እኔም ሳይነገረኝ ሁለት ሳህን አወጣሁ።