ስልክ የወጣንባቸው እሑዶች

ልጅ እያለሁ በእኛ መንደር ስልክ ማለት ቦታ ነበር። «እናትሽ የት ሄደች?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው «ወንዝ ወርዳለች» እንደምንለው ሁሉ፣ «ስልክ ወጥታለች» ብለን እንመልስ ነበር። ከሸዋ ሮቢት በእግር ሁለት ሰዓት ያህል የምትርቅ የቀወት መንደር ናት። ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ካለው ኮረብታ ጫፍ ነው፤ እሱም ፊትን ወደ ጣርማ በር አዙሮ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ለቆመ ሰው ብቻ። አንድ እግሩን ከድንጋዩ ያወረደ ድምፁ ይቆራረጣል። ሁለቱንም ያወረደ ወደ መንደር ተመልሷል ማለት ነው።

ስልኩ የመምህር አዳነ ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሳይንስ አስተማሪያችን ነው። ስልኩን በላስቲክ ይጠቀልልና ካልሲ ውስጥ ይከተዋል፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከተማ ወርዶ ቻርጅ አስደርጎ ይመለሳል። እሑድ ምሳ እንደተበላ ኮረብታው ላይ ይወጣል፤ ልጆቻቸው ዐረብ አገር የሄዱባቸው እናቶችም አንዷ ማንጎ፣ አንዷ የማሾ ንፍሮ ይዘውለት ይከተሉታል። የዚያ ኮረብታ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የጋለ ድንጋይ፣ የደረቀ ሣር፣ በፀሐይ ቀልጦ ማጅራት ላይ የሚወርድ የፀጉር ቅቤ፣ ከታች ደግሞ እሸት የያዘ ማሽላ።

ሁሉም የሁሉንም ወሬ ይሰማል። የአንዷ ልጅ ታማ ከሆነ ወረፋ የያዙት ሁሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ ከተሻላት አብረው እልል ይላሉ። እትዬ የሺ የሚባሉ ጎረቤታችን ሲያወሩ ወንዝ ማዶ ድረስ ይሰሙ ነበር።

«እትዬ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ይሰማታል» ይላቸዋል መምህሩ።

«አንተ ልጅ፣ ባሕር ማዶ ላለች ልጅ በሹክሹክታ ላውራ?»

«ኧረ በዚህ ጩኸትስ ስልኩም ባይኖር ትሰማዎት ነበር!» ትላለች ከኋላ አንዷ፤ ኮረብታው በሳቅ ይሞላል።

የእኛዋ ስንዱ ናት፤ ታላቅ እህቴ። ቤይሩት ከገባች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነበር። በአንድ መደብ እየተኛን ያደግን ነን፤ እሷ ከሄደች ወዲህ መደቡ ሰፍቶብኝ ሻሿን ተንተርሼ እተኛ ነበር። እሑድ እሑድ አሠሪዋ ዘመዶቿ ዘንድ ስትሄድ ካርድ ሞልታ ትደውላለች።

በአገራችን ሰላምታ ሳይጨርስ ወሬ የሚጀምር ሰው «ወይ ሰካራም ነው፣ ወይ መርዶ ነጋሪ» ይባላል። እናቴ ሰካራምም መርዶ ነጋሪም ስላልነበረች፣ አንድ እሑድ ስልኩን እንደያዘች ሰላምታዋን ጀመረች። እንዴት ነሽ፣ ጤናሽን እንዴት ነሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ ሴትዮዋ ደህና ናት፣ ባሏስ፣ ልጆቿስ? ከዚያ ደግሞ የእኛን በተራ። አባትሽ ደህና ነው፣ ላሚቱ ወልዳለች፣ የክርስትና አባትሽ ወገባቸው ተሽሏቸዋል፣ እነ እትዬ የሺ ሰላም ብለውሻል። እትዬ የሺም አጠገቧ ቆመው «እግሬንም ንገሪያት፣ ድኗል በያት» ይላሉ። በመጨረሻ የስንዱ ድምፅ ቀጥኖ ተሰማ። «እማዬ፣ አንድ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ፤ ቶሎ ስሚኝማ፣ እኔ...» ስልኩ ጭጭ አለ።

«ካርዷ አልቆ ነው» አለ መምህሩ።

ያ ሳምንት አላልፍ አለ። እናቴ ሊጥ እያቦካች ቆም ትልና «ምን ልትጠይቀኝ ይሆን?» ትላለች። ታማ ይሆናል፤ አይ፣ ብትታመም ድምፅዋ ያስታውቃል። ሴትዮዋ አባርራት ይሆናል። ዓርብ ዕለት ቆረጠች፦ «የፊታችን እሑድ ሰላምታ የለም። አፏን እንደከፈተች ጥያቄዋን ነው የምሰማው።»

እሑድ ስልኩ ሲጮኽ እናቴ ከመምህሩ እጅ ነጠቀችው። «ስንዱ! ምንድን ነው የምትጠይቂን? ቶሎ ንገሪኝ!»

 ከማዶ ሁላችንም የሰማነው ጩኸት መጣ። «ማን ሞተ? አባባ ነው! አባባ ነው አይደል?»

«ኧረ ማንም አልሞተም! ምን ነካሽ?»

«ታዲያ እንዴት ሰላም ሳትዪኝ! አባባ ነው፤ ደብቃችሁኝ ነው!»

ወረፋ የያዙት እናቶች ሊረዱ ፈልገው ተሰበሰቡና ባንድ ድምፅ «አልሞተም! ኧረ አልሞተም!» እያሉ ጮኹ። የባሰው ያኔ ነው። ቤይሩት የደረሰው የብዙ ሴት ጩኸት ነዋ፤ ስንዱ ለቅሶ ቤቱን በጆሮዋ የሰማች መሰላት። «አባባን ስጡኝ! ድምፁን አሰሙኝ!» እያለች ተንሰቀሰቀች። ደግነቱ፣ ያን ቀን ካርዱን ከወትሮው አብዝታ ሞልታ ነበር።

አባቴ ከኮረብታው ሥር ማማ ላይ ሆኖ ማሽላውን ከግሪሳ ይጠብቅ ነበር። «ወፍ ሰንበት አያውቅም» ይል ነበር። ቁልቁል እየተንከባለልኩ ደረስኩበት።

«አባባ! ስንዱ ሞቱ ብላ እያለቀሰች ነው!»

«ማን ሞተ?»

«እርስዎ!»

ወንጭፉን እንደያዘ ዘሎ ወረደ። እንደዚያን ቀን ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። ድንጋዩ ላይ ወጥቶ፣ በሕይወቱ ይዞት የማያውቀውን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ «ስንዱዬ፣ አለሁ» አላት። ልቅሶው ቆመ። ከዚያ አባቴ ሰላምታውን ከሥሩ ጀመረ። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ጤናሽን... ካርዱ እንደሚያልቅ እያወቅን ማንም ሊያቋርጠው አልደፈረም። በየመሐሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ስትል ድምፅዋ ይስተካከል ነበር።

«አባባ፣» አለች በመጨረሻ፤ «ውሌ በዚህ ወር ያልቃል። ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ጨምሪ እያለችኝ ነው፤ ሐሙስ መልስ እሰጣለሁ። ልምጣ ወይስ ልቆይ?»

 አባቴ ዙሪያውን አየ። ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ ልጃቸውን የላኩ ናቸው፤ ሁሉም ዐይን እሱ ላይ ነው። ቤታችንም ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተለወጠው በእሷ ድካም እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ናፍቀሽኛል፣ ነይ» የሚል አባት በእኛ አገር አልነበረም።

«አንቺ እንደፈቀድሽ ልጄ» አላት። ወዲያው ስልኩ ተቋረጠ።

መምህር አዳነ ስልኩን ሲቀበለው «ጋሼ፣ ማክሰኞ ከተማ ስወርድ ልደውልላት እችላለሁ። የሚጨምሩት ቃል ካለ ይንገሩኝ» አለው።

እናቴ ከእነ እትዬ የሺ ጋር ወደኋላ ቀረች። አባቴና እኔ ቀድመን ወረድን። ግማሽ መንገድ ደረስን። ከዚያ ቆመና ዞሮ አየኝ።

«ነይ ልበላት? አንቺ ምን ትያለሽ?»

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እስከዚያ ቀን ትልቅ ሰው ምክር ጠይቆኝ አያውቅም። ስለ መደቡ ስፋት፣ ስለ ሻሿ ልነግረው እችል ነበር። እኔ ግን በዚያች ሰዓት የታየኝ ስንዱ እልክልሻለሁ ያለችኝ፣ ሲረግጡት ተረከዙ ላይ መብራት የሚበራው ጫማ ነበር።

«እንደፈቀድሽ ብለዋታል እኮ» አልኩት። «ትቆይ።»

«እውነትሽን ነው» አለና ወደ ማማው ሄደ። ማክሰኞ ጠዋት መምህሩ በደጃችን ሲያልፍ «የምጨምረው የለኝም» ሲለው ከጓዳ ሆኜ ሰማሁት።

ጫማው ለፋሲካ መጣ። አልገባልኝም። ከሁለት ዓመት በፊት ጥላው በሄደችው እግሬ ልክ ነበር የገዛችው።

ስንዱ ሁለት ዓመት ጨመረች፤ ከዚያ ደግሞ ሁለት። ከዚያ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። አሁን መንደራችን ውስጥ ስልክ የሌለው ቤት የለም። እናቴ ምስር እየለቀመች ስልኩን ከስኳር ቆርቆሮው ላይ ታስደግፈውና የልጇን ፊት እያየች፣ ሰላምታዋን እንደፈለገች ታስረዝማለች። የሚቆርጣት የለም። አባቴም አርጅቷል፤ ይመጣና አጎንብሶ ያያታል፣ «በልተሻል?» ይላታል፣ ይሄዳል። የጎረቤቶቻችን ልጆች እንዴት እንደሆኑ ግን እንደ ድሮው አናውቅም። እትዬ የሺም ዛሬ ቤታቸውን ዘግተው ነው የሚያወሩት፤ ድምፃቸው እንኳ ወደ እኛ ግቢ አይደርስም። አንዳንዴ ያ ጩኸታቸው ይናፍቀኛል።

ባለፈው እሑድ እናቴና አባቴ ሲወጡ ስልኩ እኔ እጅ ላይ ቀረ። ስንዱ ማዶ ሳህን ታጥባለች፤ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ፀጉሯ መሐል ሽበት አየሁ። ያን ቀን ኮረብታውን ስንወርድ አባባ የጠየቀኝን፣ እኔም የመለስኩለትን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ጊዜ ሞልቷል፤ ወረፋ የሚጠብቅ የለም፤ የሚሰማን ሰው የለም። ግን ስልኩን መልሼ ከስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደገፍኩት።

ስንዱ ቧንቧውን ዘጋችና ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ምነው ዝም አልሽ? ኔትወርክ ነው?»

«አዎ» አልኳት። «ኔትወርክ ነው።»