ድምፄን ጨርቅ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት

ዛሬ ሰቆጣ ገበያ ጋቢ ልገዛ አንድ ሱቅ ስገባ፣ ከባንኮኒው ጀርባ አንድ ሰውዬ ስለ ዋጋ ንረት ያስተምራል። ሰውዬው እኔ ነኝ!

ድምፄ የሚወጣበት ስልክ የዘሀራ ነው፤ የባለሱቋ። የቅዳሜና እሁድ ተማሪዬ ናት። ክፍል መምጣት ካቆመች ስለቆየች ትምህርቱን የተወችው መስሎኝ ነበር።

"ቅዳሜ ሱቁን የሚይዝልኝ የለም መምህር። ቀድተው በቴሌግራም የሚልኩልንን ነው የምማረው። ደንበኛ ሲመጣ አቆምዎታለሁ፣ ሲሄድ አስቀጥልዎታለሁ።"

ክፍል ውስጥ እኔን ማስቆም የቻለ ተማሪ እስካሁን አልተገኘም።

የሚገርመው፣ ጠዋት ለትምህርት ክፍል ኃላፊያችን "ይሄ ኦንላይን የሚባል ነገር ይቅርብኝ" ብዬው ነው የወጣሁት። መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ልክ መቅዳት ስጀምር የጎረቤት አህያ ማናፋት ይጀምራል። ይህንንስ እችለዋለሁ። ያቃተኝ ብቻዬን ግድግዳ እያየሁ "ገባችሁ?" ማለት ነው።

የኦንላይን ማስተማር ስልጠናውን ወስጃለሁ፤ ሰርተፍኬቱም ቤት አለ። ግድግዳው ግን ያው ግድግዳ ነው።

ይህንኑ ለዘሀራ ነገርኳት።

"እኔ እኮ እመልስልዎታለሁ" አለች ጋቢውን እያጠፈች። "ገባችሁ ሲሉ እዚሁ ሆኜ አዎ እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አልገባኝም ነበር። አልገባኝም አልኩዎት፤ ዝም ብለው ቀጠሉ።"

ከሱቁ እንደወጣሁ ለኃላፊው ደውዬ የጠዋቱን ቃሌን አነሳሁ። ያንን ትምህርት ነገ ደግሜ እቀዳዋለሁ።

በኦንላይን የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ የእናንተ ተማሪ የት ተቀምጦ እየመለሰላችሁ ይሆን? ያጋጠማችሁን ጻፉልኝ። እኔ ከነገ ጀምሮ "ገባችሁ?" ብዬ ትንሽ እጠብቃለሁ።