የከበሮው ደረት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ ሁልጊዜ ይቺን እየዘለልሁ ነው የኖርሁት። ዛሬ ያስወጣኝ የልጅ ልጄ ጊታር ነው።

ልጅቱ ለጊታሯ ገና ሳጥን ያልተገዛላቸው ሁለት ስፒከሮች ይዛ መጣች። ከጓደኞቿ ጋር ሆነው የትኛው ሳጥን እንደሚሻል ይከራከራሉ። አንዷ ትልቁን ትላለች፣ አንዱ የሚያብረቀርቀውን ይላል። እኔ ከመደቡ ላይ ሆኜ «መጀመሪያ ስፒከሩን ስሙት እንጂ! ሳጥኑ የሚመረጠው ለእሱ ነው። ኋላውም ይዘጋ ወይስ ይከፈት ብላችሁ ሞክሩ» አልኋቸው። ሳቁብኝ።

«እምዬ፣ አንቱ ደግሞ ይህን ከየት ያውቃሉ?» አለችኝ።

ከየት አውቃለሁ? ከሌብነት ነዋ! ግን ይህን አላልኋትም። ቂጣ ስቆርስ እንኳ ለአንዱ ልጅ እንዳይበዛ እያስተያየሁ የማካፍል፣ «ፍርድ አታጓድሉ» እያልሁ ጎረቤቱን ሁሉ የምቆጣ እኔ፣ ነጠላዬን አጣፋሁና ወሬ ለወጥሁ።

በጣሊያን ጊዜ ነው። እኔ ኮረዳ ነበርሁ። አባቴ የደብሩ ገበዝ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ የዕቃ ቤት ቁልፍ እኛ ቤት ምሰሶ ላይ ይንጠለጠላል። ጎረቤታችን አያ እንድሪስ የሚባል እስላም አናጢ ነበር። ሞፈር ቢሉ ቀንበር፣ አልጋ ቢሉ በር፣ ደብረ ታቦር ውስጥ የእሱ እጅ ያልነካው ቤት አልነበረም። እናቴ ስትቆጣኝ የምሸሸው እሱ እንጨት ወደሚጠርብበት ጎጆ ነው። የጣሊያን ካምፕ አጥር ሥር ነበር።

አንድ ቀን የጣሊያኑ መካኒክ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ገበያ መሀል አዋጅ የሚያስነግሩበት ድምፅ ማጉያ ከመኪና ላይ ወድቆ ሳጥኑ ደቅቆ፣ መሀሉ ያለው ክብ ነገር ብቻ ተርፎ ነበር። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው። «እስከ ገበያ ቀን ሳጥን ሥራለት። ድምፁ ካላማረ በቅሎህን ተሰናበታት» አለው አያ እንድሪስን እየሳቀ። መካኒኩም መሞከሪያ እንዲሆነን ካምፑ ውስጥ ካለው ራዲዮ ሽቦ ጎትቶ ቀጠለልን።

ያን ጊዜ የተደሰትሁትን መደሰት እንዴት ልንገራችሁ! ያ ክብ ነገር ብቻውን ሲጮኽ እንደ ትንኝ ነው። የጥይት ሳጥን ቀድደን ከተትነው፤ ምስማሩ ሁሉ አብሮ ዘፈነ። ጋን አፍ ላይ ደፋነው፤ ጉድጓድ የገባ ሰው የሚጣራ መሰለ። ባዶ ቀፎ ውስጥ አደረግነው፤ አፉን በጋቢ የሸፈነ ሆነ። በሳቅ ፈረስን።

«ስሚ የሺ፣» አለኝ አያ እንድሪስ፣ «ይህ ሳንባ ነው። ሳንባ ብቻውን ምን ይጮኻል? ደረት ይፈልጋል። ለዚህ ልኩ የሚሆን ደረት ከየት ላምጣለት?»

እኔ አወቅሁ። ወዲያው አወቅሁ! ዕቃ ቤት ውስጥ የትልቁ አፉ ቆዳ ተተርትሮ የተቀመጠ ከበሮ ነበር፤ አዲስ ቆዳ እስኪለብስ ነው የሚጠብቅ። የዋንዛ ግንድ ተፈልፍሎ የተሠራ፣ ምስማር የለው፣ መጋጠሚያ የለው። አባቴ ቅዳሴ ሲገባ ቁልፉን ከምሰሶው አወረድሁ። ከበሮውን በነጠላዬ ጠቅልዬ አመጣሁት።

አያ እንድሪስ ሲያየው እጁን ሰበሰበ። «ይህማ የቤተ ክርስቲያን ነው። አልነካውም።»

«አባዬ ነው የላከኝ። ተቀድዷል፣ አይፈለግም፣ ስጪው አለኝ።»

«ገበዙ ራሳቸው?»

«ራሳቸው!»

ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። አመነኝ። ክቡን ነገር በትልቁ አፍ ሲያስገባው ልክክ አለ። እንጨቱ እንዳይንቀጠቀጥ ከበሮው ዙሪያውን የተጠፈረበትን የቆዳ ጠፍር እንዳለ ተወው። ድምፁ ወፈረ፣ ግን የታፈነ ነበር፤ የትንሹ አፍ ቆዳ ደህና ስለነበረ አየሩ መውጫ አጣ። «ኋላው ትንፋሽ ይፈልጋል፤ ግን ደህና ቆዳ አልቀድም። ነገ ገበዙን ጠይቄ» ብሎ ሊሰግድ ወጣ።

እኔ ነገ እስኪደርስ መቆየት እችላለሁ? እሱ ሰግዶ እስኪመለስ ድረስ በራሱ ቢላዋ ደህናውን ቆዳ ቀደድሁት። እኔ ነኝ የቀደድሁት። እኔ።

ያኔ ድምፁ ወጣ! አንዲት የጣሊያን ሴት ትዘፍናለች። ቃሉ አይገባኝም፣ ግን ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለች ይመስል! እልል አልሁ። አያ እንድሪስ ሮጦ ገባ፤ ቢላዋውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሊቆጣ አፉን ከፈተና እሱም ቆሞ መስማት ጀመረ።

ስንት ዓመት ራሴን «ለበቅሎዋ አዝኜ ነው» እያልሁ አታለልሁ! በቅሎዋ ትዝም አላለችኝ። ድምፁን ፈልጌ ነው።

በገበያው ቀን ከበሮው ዋርካ ላይ ተሰቀለ። ሲዘፍን ሰው ሁሉ ቀጥ አለ። መካኒኩ አጨበጨበ፤ በቅሎዋ ተረፈች። ግን ያን ከበሮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመቱ የኖሩ አንድ መሪጌታ ከዋርካው ሥር ቆመው ወደ ላይ አዩና «ያ ጠፍር የኛ ነው!» ብለው ጮኹ።

አገሩ ለአውጫጭ ተጠራ። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ ሳይገባ፣ ሁሉም ያየውን የሚናገርበት ሸንጎ ነው። አያ እንድሪስን መሀል አቆሙት።

«ተሰጠኝ እንጂ አልሰረቅሁም» አለ።

«ማን ሰጠህ?»

አየኝ። ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ነበር፤ ፊቴን በነጠላዬ ስሸፍን ያኔ አባቴ እንዳልላከኝ ገባው። አባቴ ቢሰማ እንደማይምረኝ ያውቃል። አንገቱን ደፋና ስሜን ሳይጠራ ቀረ።

«እስላሙ ምን ይናገር! ቆዳችንን ቀድዶ!» አለ አንዱ። የሰው ተራ እየደረሰ መጣ፤ የእኔም ደረሰ። «የገበዙ ልጅ፣ አንቺስ ምን አየሽ?»

ምን አልሁ? «አያ እንድሪስን በዕቃ ቤቱ በኩል ሲያልፍ አይቸዋለሁ» አልሁ። እውነት ነው፤ በየቀኑ ያልፋል፤ መንገዱ ነው። እውነቱን ቢላዋ አድርጌ ነው የወጋሁት። ከዚህ የከፋ ውሸት አለ?

ፈረዱበት። የሚያርስበትን በሬ ለቆዳው ካሳ ሰጠ። ከዚያ በኋላ ሞፈር የሚያሠራው ሰው ጠፋ፤ የሌባ እጅ በጠረበው ማን ያርሳል? ቤቱን አፍርሶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ እብናት ወረደ። ዕቃውን በዚያችው በቅሎ ሲጭን በአጥሩ በኩል አየሁት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ጠጋ አለና በቀስታ «የሺ፣ ድምፁ ግን አማረ፣ አይደል?» አለኝ።

ሮጬ ቤት ገባሁ።

ልጅ ነበርሁ አልልም፤ ቁልፍ ለማውረድ ልጅ ያልሆንሁ፣ እውነት ለመናገር ልጅ እሆናለሁ? አባቴን ፈርቼ ነው አልልም፤ አባቴ ከሞተ በኋላም ስንት ዘመን ዝም ብያለሁ። ይቅርታም ከእናንተ አልለምንም፤ ይቅር ሊለኝ የሚችለው አንድ ሰው ነበር። የምለምናችሁ ይህን ብቻ ነው፤ እብናት ውስጥ የእንድሪስ አናጢ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ የምታውቁ ካላችሁ፣ አባታችሁ አልሰረቀም በሏቸው። የሰረቀች የሺ ናት በሏቸው።

ለእሱም ያኔ ያልመለስሁለትን ዛሬ ልመልስ። አዎ፣ አያ እንድሪስ። አምሮ ነበር።